ከጃትሮፋና ከጉሎ ፍሬ ባዮዲዝል፦ ከጆንያው እስከ ሞተሩ

ባዮዲዝል የዘር ዘይት ከሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) እና ከአልካላይ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ብርቱ ኬሚካል) ጋር ተዋህዶ፣ በኋላም በውሃ ታጥቦ የሚገኝ የናፍጣ ምትክ ነው። ሲበላሽ ብዙ ሰው ጥፋቱን ኬሚካሉ ላይ ይጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ገና ቀድሞ፣ ፍሬው ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ የገባ ለት ነው። እርጥበት ዘይቱን ያኮመጥጠዋል። የኮመጠጠ ዘይት ከአልካላይ ጋር ሲገናኝ ነዳጅ መሆኑ ቀርቶ ሳሙና ይሆናል። ሳሙናው ደግሞ እጥበቱ ላይ ዘይትና ውሃውን እንደ እርጎ አርግቶ ያስቀምጥላችኋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ማድረቅና ስለ ማጥራት የምናወራው ስለ ኬሚካሉ ከምናወራው አያንስም።

የትኛው ፍሬ?

ጃትሮፋ በወሎ ቆላ፣ በተለይ ባቲ አካባቢ፣ ከብት ስለማይበላው የአጥር ተክል ሆኖ የኖረ ነው። ጉሎ ደግሞ ሳይዘሩት በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኢትዮጵያ የባዮፊዩል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ሁለቱንም ከባዮዲዝል ተክሎች ተርታ አስገብቷቸዋል። ሁለቱም ዘይታቸው ብዙ ነው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል።

የጃትሮፋ ዘር ከነቅርፊቱ ሲመዘን ከ30 እስከ 35 በመቶው ዘይት ነው፤ የጉሎ ከ45 እስከ 50 በመቶ። በዚህ ብቻ ቢሆን ጉሎ ያሸንፍ ነበር። ነገር ግን ከጉሎ ዘይት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ነው፤ ዘይቱን እንደ ማር የሚያወፍረውም እሱ ነው። ወደ ባዮዲዝል ከተለወጠ በኋላ እንኳ ውፍረቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ 14 ሚሊ ሜትር ካሬ በሰከንድ ገደማ ነው። የአውሮፓው መስፈርት የሚፈቅደው ከ3.5 እስከ 5፣ የአሜሪካው ከ1.9 እስከ 6 ብቻ ነው። የጃትሮፋው ከ4 እስከ 5 ባለው ውስጥ ይገባል። እኛ የምንመክረው ጃትሮፋን ዋና አድርጎ ጉሎን ከአምስት እጅ አንዱ በታች መጨመር ነው። የጉሎው ጥቅም ብርድ ላይ ይታያል፦ የጃትሮፋ ባዮዲዝል 4 እና 5 ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ስለሚጀምር ደብረ ብርሃንን በመሰለ ቦታ ጠዋት ማስነሳት ያስቸግራል፤ የጉሎው ግን ከዜሮ በታችም ይፈስሳል።

ሁለቱም መርዝ ናቸው። የጃትሮፋ ዘር ጣዕሙ ለውዝ ለውዝ ስለሚል ልጆች ይደፍሩታል። እህል መድረቁን በጥርስ ሰብሮ ማየት የለመደ ሰውም እዚህ ጥርሱን ይሰብስብ።

ማድረቅ

ፍሬው ቢጫነቱን ጨርሶ ወደ ቡናማ ሲሄድ ይለቀማል። አረንጓዴው ውሃው ይበዛል፣ ዘይቱ ያንሳል። ዝናብ የመታውንና ሻጋታ የጀመረውን ከደህናው ጋር አትቀላቅሉ፤ አንድ የሻገተ ጆንያ አምስት ደህና ጆንያ ያኮመጥጣል።

የፍሬውን የውጭ ልጣጭ ፈልፍሉና ዘሩን ከነቅርፊቱ ሸራ ላይ ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት አስጡ። ማታ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ሸራውን አጥፉበት። በቀን ሁለት ሦስቴ አገላብጡ። ለመጭመቅ የሚስማማው እርጥበት ከ6 እስከ 7 በመቶ ነው። ይህን ለማወቅ 100 ግራም ዘር ወቅጡና 105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆዩት፤ 93 ወይም 94 ግራም ከቀረ ደርሷል። ሚዛንና ምድጃ የሌለው ዘሩን ጆሮው ላይ ያንቃጭለው፤ የደረቀ ዘር ፍሬው ከቅርፊቱ ተላቅቆ ውስጡ ይንኳኳል፣ በመዶሻ ሲመቱትም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እርጥቡ ይጨፈለቃል።

ከዚያ በሰፌድ አበጥሩ፣ በወንፊት ንፉ። ጠጠርና ሚስማር የመጭመቂያውን ስክሩ በአንድ ቀን ሊበላው ይችላል፤ ከወንፊቱ በኋላ ማግኔት ማሳለፍ አይከፋም። ዘሩን በጆንያ (በፕላስቲክ ከረጢት አይደለም) ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ አስቀምጡ። ቶሎ መጭመቅ ግን ከሁሉም ይሻላል።

መጭመቅ

በእጅ የሚሠራ ባለ ክንድ መጭመቂያ ለሙከራ ይበቃል፤ አንድ ሊትር ለማውጣት 5 ኪሎ ያህል ዘር ይጠይቃል። ለቁም ነገር የሚሆነው በሞተር የሚዞረው ስክሩ ፕሬስ ነው። ጥሩ ከተስተካከለ በ4 ኪሎ ጃትሮፋ አንድ ሊትር ይሰጣል። ስለዚህ ከ50 ኪሎ ንጹሕ ዘር 12 ወይም 13 ሊትር ጠብቁ። ፋጉሎው ውስጥ 10 በመቶ ገደማ ዘይት መቅረቱ አይቀርም፤ እሱን ለማውጣት መታገል ማሽኑን ማቃጠል ነው።

ጃትሮፋን ሙሉ ለሙሉ ልጣችሁ አትጭመቁ። ቅርፊቱ ዘይት የለውም ብሎ ማስወገድ ብልህነት ይመስላል፤ ነገር ግን ስክሩው ውስጥ ግፊት የሚፈጠረው በሰበቃ ነው፣ ሰበቃውን የሚሰጠው ደግሞ ቅርፊቱ ነው። የተላጠው ፍሬ ብቻውን ከገባ እንደ ቅቤ ለስልሶ ከስክሩው ጋር ይዞራል እንጂ አይወጣም።

አነሳሱ እንዲህ ነው። የፋጉሎውን መውጫ ከፍታችሁ ማሽኑን ባዶ አዙሩ። ካለፈው ሥራ የተረፈ ደረቅ ፋጉሎ ከጥቂት ዘር ጋር ቀላቅላችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ አብሉት፤ ብረቱ እስኪሞቅ ነው። ከዚያ ሙሉ ዘር አስገቡና መውጫውን ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያላችሁ አጥብቁ። ዘሩ ከመግባቱ በፊት ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ቢሞቅ ዘይቱ ይቀልልና ቶሎ ይወርዳል። ማሽኑ የሚናገረው በፋጉሎው ነው፦ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ እንደ ቅርፊት እየተሰበረ የሚወርድ ከሆነ ልኩ ነው። እየረገበ እንደ ሊጥ የሚወጣ ከሆነ ዘሩ እርጥብ ነው። ዱቄት ሆኖ ጢስ ጢስ እያለ ከወጣ ደግሞ ከልክ በላይ ደርቋል ወይም መውጫው ጠብቋል፤ ቶሎ ላሉት፣ ካልሆነ ስክሩው ይነክሳል። ሥራ ስትጨርሱ ማሽኑን ሞልታችሁ አታጥፉ። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንደ ሲሚንቶ ስለሚደርቅ በማግስቱ የምታሳልፉት ቀን በመዶሻና በመሮ ነው።

ስለ ፋጉሎው አንድ ብርቱ ነገር። የኑግ ፋጉሎ የለመደ ከብት አርቢ የእናንተንም ሊገዛ ይመጣል። አትሽጡለት፣ አትስጡትም። የጃትሮፋው ፎርቦል ኢስተርና ኩርሲን፣ የጉሎው ራይሲን የተባለ መርዝ አለበት፤ ላም ይገድላል። ጆንያው ላይ በቀይ ቀለም «መርዝ» ብላችሁ ጻፉና ለማዳበሪያ አውሉት፤ ናይትሮጅኑ ከ3 እስከ 4 በመቶ ስለሚደርስ ለአትክልት መሬት ደህና ነው። የጉሎው አቧራ አለርጂ ስለሚያስነሳ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ መሥራት ይገባል። ራይሲን ፕሮቲን ስለሆነ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፤ የጃትሮፋው ፎርቦል ግን ከዘይቱ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ በጃትሮፋ ዘይት ምጣድ ማሰስም ሆነ ቆዳ መቀባት የለም።

ማጥራት

ከፕሬሱ የወረደው ዘይት ድፍርስ ነው። በቁመቱ ረጅም የሆነ ዕቃ ውስጥ ከ4 እስከ 7 ቀን አሳርፉት፤ ዝቃጩ እንደ ጠላ አተላ ከታች ይቀመጣል። ከላይ ቀስ ብላችሁ ቅዱትና በድርብ አቡጀዲ አጥልሉ።

ቀጥሎ ሙጫውን ማውጣት ነው። ዘይቱን 70 ዲግሪ አሙቁ። በሊትር 30 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ ካገኛችሁም 1 ሚሊ ሊትር ፎስፎሪክ አሲድ (85 በመቶ) ጨምሩና 20 ደቂቃ አማስሉ። አሳድሩት። ጠዋት ከታች የምታገኙት ቡናማ ዝልግልግ ነገር ሙጫው ነው፤ ያንን አፍስሱ። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ እጥበቱ ላይ ይከፍላል።

አሁን ውሃውን ማባረር። መጽሐፍ ላይ 100 ዲግሪ የሚለው የባሕር ወለል ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዘይቱን ቀስ በቀስ እስከ 105 ወይም 110 ዲግሪ አድርሱና አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ። መድረቁን ለማወቅ መጥበሻ አግሉና አንድ ማንኪያ ዘይት ጣል አድርጉበት። ከተንጣጣ ገና ነው። ዝም ብሎ ከተዘረጋ ደርቋል።

የአሲዱ ልኬት

ኬሚካሉ ስንት ግራም እንደሚገባ የሚወስነው ይህ ልኬት ስለሆነ በግምት አይታለፍም። በደጋ አገር ከኮስቲክ ሶዳ ይልቅ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድን (ከዚህ በኋላ ባጭሩ ፖታሲየም የምንለው) እንመርጣለን፤ በሶዳ የተሠራው ግሊሰሪን (ዘይቱ ሲለወጥ ከታች የሚለየው ወፍራም ተረፈ ነገር) ብርድ ሲመታው ከበርሜሉ ታች ረግቶ አልወጣም ይላል፣ የፖታሲየሙ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል።

1 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ። የተጣራ ውሃ ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ነው፤ የባትሪ አሲዱን እንዳታነሱ ብቻ ጠርሙሱን አንብቡ። በትንሽ ብርጭቆ 10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮልና ሁለት ሦስት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (አልካላይ ሲነካው ወደ ሮዝ የሚቀየር መጠቆሚያ) አድርጉ። ፌኖልፍታሊን ከጠፋ እርድ በአልኮል ዘፍዝፋችሁ የጠለለውን ተጠቀሙ፤ አልካላይ ሲነካው ከቢጫ ወደ ቀይ ይዞራል። ዘይቱ ከመግባቱ በፊት አልኮሉ ራሱ አሲድ እንዳይኖረው ቀለሙ ሊቀየር ጫፍ እስኪደርስ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በስሪንጅ ለክታችሁ ጨምሩ፣ ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ ዘይቱ እስኪሟሟ አወዛውዙ። አሁን የፖታሲየሙን ውሃ በሌላ ስሪንጅ ጠብ እያደረጋችሁ ቀለሙ ተለውጦ ለ15 ሰከንድ የሚቆይበትን ቁጥር ያዙ። ሦስቴ ለኩና አማካዩን ውሰዱ።

ቁጥሩ 2 ሚሊ ሊትር መጣ እንበል። የተለመደው 90 በመቶ ንጹሕ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሆነ መነሻው በአንድ ሊትር ዘይት 5.5 ግራም ነው፤ በላዩ 2 ሲደመር 7.5 ግራም። ለ12 ሊትር ዘይት 90 ግራም ማለት ነው። መመዘኛው ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ቢያንስ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ይሁን። ዱቄቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ መዝኑና ክዳኑን ወዲያው ግጠሙ።

ቁጥሩ ከ4 ካለፈ ዘይቱ ውስጥ ያለው ነጻ አሲድ ከ2 በመቶ በላይ ሆኗል። በሰልፈሪክ አሲድ ቀድሞ ማከም ይቻላል፤ ግን ተጨማሪ ሜታኖል ይበላል፣ ለትንሽ ሥራ አያዋጣም። ጥሩ ዘይት ካለ አንዱን እጅ መጥፎ ከአራት እጅ ጥሩ ጋር ቀላቅሎ እንደገና መለካት ይቀላል። በአሲዱ መንገድ መሄድ የሚፈልግ ቢኖር እንኳ የባትሪ አሲድ አይሆንም፤ ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው።

ማዋሃድ

ሜታኖል ሽታው አልኮል አልኮል ስለሚል አረቄ ነው ብሎ የቀመሰ ሰው ዓይኑን ወይም ነፍሱን ያጣል። ጀሪካኑን ቆልፉበት፣ ባዶውንም ለውሃ አታውሉት። ቀን በፀሐይ ሲነድ ነበልባሉ አይታይም። ስለዚህ ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ አጠገብም ባልዲ ሙሉ ውሃ ተቀምጦ ነው።

ዕቃው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በየቤቱ ያለው የአሉሚኒየም ድስት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አልካላዩ ብረቱን እየበላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ያወጣል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮም እንዲሁ። የማይዝግ ብረት ወይም ተራ የብረት በርሜል ያዙ።

ለአንድ ሊትር ዘይት 220 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ያስፈልጋል፤ ለ12 ሊትር 2.64 ሊትር። ሜታኖሉን ወፍራም ጀሪካን ውስጥ አድርጉና የተመዘነውን ፖታሲየም በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩበት። እየሟሟ ይሞቃል፤ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይፈላል። ክዳኑን ግጠሙ፣ አወዛውዙ፣ በየመሃሉ እንፋሎቱን አስተንፍሱ፤ ታች ምንም እስከማይታይ።

ዘይቱን ለብቻው ከ50 እስከ 52 ዲግሪ አሙቁና እሳቱን አጥፍታችሁ አርቁ። ከሰል ቢሆን ፍሙን አውጥታችሁ ውሃ አፍስሱበት። ሜታኖሉ ከዚያ በፊት ወደ ቦታው እንዳይመጣ። ብዙ መመሪያ 55 እና 60 ዲግሪ ይላል፤ እሱም የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ሜታኖል በባሕር ወለል 64.7 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ አዲስ አበባ ግን 57 ላይ፣ ባቲ 60 አካባቢ። የደጋ ሰው 60 ዲግሪ ካደረገ ሜታኖሉ በእንፋሎት ይሄድና ዘይቱ ግማሹ ሳይለወጥ ይቀራል፤ ጭንቅላቱም ይዞራል።

ድብልቁን ጨምሩና በርሜሉን ከድናችሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አማስሉ። ማማሰያው ዘይቱን ከታች ወደ ላይ የሚያገላብጥ ይሁን፤ ከላይ ብቻ ከተነካካ ሜታኖሉ ከዘይቱ ጋር አይገናኝም። ከዚያ ማሳረፍ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከታች ጠቆር ያለ ግሊሰሪን መለየት ይጀምራል። አሳድሩትና ጠዋት በታችኛው ቧንቧ አውጡት፤ ከዘይቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሆናል። ምንም ካልተለየ ወይም ሁሉም እንደ ገንፎ ከረጋ ውሃ ገብቷል ወይም ልኬቱ ስቷል።

ወደ እጥበት ከመሄዳችሁ በፊት ፈትኑት። 3 ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ጨምሩና አወዛውዙ። ሙሉ ለሙሉ ከሟሟ አልቋል። ከታች የዘይት ጠብታ ከተቀመጠ ያልተለወጠ ዘይት አለ፤ እንደገና አሙቁና በሊትር 50 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 1.5 ግራም ፖታሲየም ጨምራችሁ ድገሙት። ጉሎ የበዛበት ድብልቅ ላይ ግን ይህ ፈተና ይዋሻል፤ የጉሎ ዘይት ሳይለወጥም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ጉሎን ከጃትሮፋ ጋር የምትቀላቅሉት ለየብቻ ሠርታችሁ ቢሆን ይመረጣል። ብቻውን የተሠራ ጉሎ ግሊሰሪኑ ቶሎ ስለማይለይ ከማሳረፍ በፊት ትርፍ ሜታኖሉን ማስወጣት ይፈልጋል፤ ለጀማሪ አንመክረውም።

ማጠብና ማድረቅ

የባዮዲዝሉን ሲሶ ያህል ለብ ያለ ውሃ ከላይ እንደ ካፊያ እርጩበት። አትናጡት፤ በተለይ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ከተናጠ ወተት ይሆናል። ውሃው ሳሙናውን ይዞ ሲወርድ አፍስሱ። ሁለተኛው ላይ ቀስ ብሎ ማገላበጥ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ጠንከር ማለት ይቻላል። የሚወጣው ውሃ ኩልል ሲል በቃ። ረግቶ እንቢ ካለ ሞቅ አድርጉትና ጨው የሟሟበት ውሃ ጨምሩ፤ ካልሆነ ትንሽ ኮምጣጤ። ያም ካልፈታው ችግሩ ከእጥበቱ በፊት ነው። የመጀመሪያው እጣቢ ሜታኖልና አልካላይ ስላለበት ወንዝ ውስጥ አይደፋም።

የታጠበውን ሰፊ ዕቃ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ እያሞቃችሁ አቆዩ፣ ወይም ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተዉት። በብርጭቆ አድርጋችሁ ከኋላው ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ስታቆሙ ፊደሉ ጥርት ብሎ ከተነበበ ደርቋል። ጭጋግ ካለው ውሃ አለ።

ሞተር ላይ

ለወፍጮ፣ ለውሃ መሳቢያና ለጀነሬተር ሞተር መጀመሪያ አንድ እጅ ባዮዲዝል ከአራት እጅ ናፍጣ ጋር ስጡት። ያልተለወጠ ዘይት በቀጥታ የሚያቃጥሉ አሉ፤ የቆየ ቀርፋፋ ሞተር ሞቆ ሲሠራ ይችለው ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ላይ ግን ኖዝሉ ጥላሸት ይይዛል። የናፍጣ መስመሩ ጥቁር ተራ ጎማ ከሆነ ባዮዲዝሉ እያለሰለሰ ስለሚያፈስሰው ቀድሞ መቀየር ነው። መዳብና ነሐስ የነካው ቶሎ ይበላሻል፤ ሞልቶ በታሸገ ጀሪካን፣ ጥላ ውስጥ፣ ከሦስት ወር ሳያልፍ ጨርሱት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊልትሮ መዝጋቱ አይቀርም፤ ትርፍ ያዙ። ሲዘጋ ነዳጁን ከመውቀሳችሁ በፊት አሮጌውን ፊልትሮ ቀዳችሁ ውስጡን እዩ። ጥቁር ደለል ከሆነ ባዮዲዝሉ የአሮጌውን ጋን እድፍ አጥቦ ያመጣው ነው፤ ሁለት ሦስቴ ተቀይሮ ይጠራል። ነጣ ያለ፣ በጣት ሲነኩት የሚያዳልጥ ነገር ከሆነ ግን ሳሙና ወይም ያልተለወጠ ዘይት ነው፤ ሞተሩን አቁሙና ወደ 3 በ27ቱ ፈተና ተመለሱ።